ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው መኩሪያ (መጋቢት 5 ቀን 1927 – መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በሰው ድምፅ የሚዜመውን ሽለላ በሳክስፎን በመጫወቱና በዚሁ ስልት ሙሉ አልበም በማሳተሙ ነው። አልበሙ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህንኑ ስልት ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር በአውሮፓ መድረኮች እንደገና አሰምቷል።

ልጅነትና የሥራ ጅማሮ

ጌታቸው የተወለደው በሰሜን ሸዋ፣ ይፋት ውስጥ ነው። ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ሲሆን፣ ቆይቶ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። ገና በ13 ዓመቱ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ተቀጠረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሂሩት በቀለንና አያሌው መስፍንን የመሳሰሉ ድምፃውያንንም አጅቧል።

ሽለላ በሳክስፎን

ሽለላ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ጀግና ወደ ጦርነት ሲዘምት ወይም በድግስ ላይ ወኔውን ሲገልጽ የሚያዜመው ነው። ልኩ የተመታ ምት የለውም። ሸላዩ ድምፁን ያስረዝማል፣ ያንቀጠቅጣል፣ በድንገትም ይቆርጠዋል። በዙሪያው ያለው ሰው በሆታና በእልልታ ይቀበለዋል።

ጌታቸው ይህን አዚያዜም በ1940ዎቹ ወደ ሳክስፎን አመጣው። ሽለላን ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጸው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። የትንፋሹ ስፋት፣ የድምፁ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ጩኸቱ የሸላዩን ጉሮሮ ይከተላሉ። መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንደ ጥንቱ አርበኛ ለምድ ለብሶና የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ነበር።

አልበሙና አቀባበሉ

«የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» የተሰኘው አልበም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ኩባንያ ታተመ። ግጥም የለውም። እንደ «አንቺ ሆዬ» እና «አካሌ ውቤ» ያሉ የታወቁ ዜማዎችም ቢኖሩበት ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው የሽለላው መንፈስ ነው። ሳክስፎኑ ከፊት ሆኖ ሲፎክር የቀሩት መሣሪያዎች ከኋላ ያጅቡታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አልበሙ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ወጣ። በውጭ አገር ያደመጡት ብዙዎች ድምፁን ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ፣ በተለይም ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር አጨዋወት ጋር አነጻጸሩት። ፉከራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ግን በዚያው ድምፅ ውስጥ የሚሰማው ሸላዩን ነው። የጊዜው ቅደም ተከተልም ለዚህ ይመሰክራል፦ የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 (1950 ዓ.ም. ገደማ) ሲሆን፣ የአይለር ቅጂዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ጌታቸው ሽለላውን በሳክስፎን የጀመረው ከሁለቱም ቀድሞ ነው።

ከዘ ኤክስ ጋር

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በአምስተርዳም 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ጌታቸው አጨዋወታቸውን ከሰማ በኋላ አብረውት አልበም እንዲሠሩ ጠየቃቸው። «ሞዓ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጡ። በፈረንሳይ ያቀረቡት ኮንሰርትም ተቀርጾ በዲቪዲ ታትሟል።

በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ሽለላው ከሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ ከከበሮና ከእንግዳ ትንፋሽ ተጫዋቾች ጋር ይሰማል። በቀድሞው አልበም አጃቢዎቹ ዝግ ብለው ቦታውን ሁሉ ለሳክስፎኑ ይለቃሉ፤ ከዘ ኤክስ ጋር ግን ጊታሮቹና ከበሮው ይመልሱለታል። በመድረክ ቅጂዎቹ ላይ ደግሞ የታዳሚው ጩኸትና ጭብጨባ ይታከላል። በስቱዲዮው ቅጂ ያልነበረው ተቀባይ በዚህ መንገድ ተገኝቷል፤ ሽለላ ድሮም በሰው መካከል የሚባል ነውና። ጌታቸው በሰባዎቹ ዕድሜ ሆኖም አጨዋወቱን ለባንዱ ብሎ አልለወጠም፤ ባንዱ ነው ወደ እርሱ የመጣው።

ኅልፈትና ትሩፋት

ጌታቸው መኩሪያ በ81 ዓመቱ በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በአልበሙ የተጫወተው «አካሌ ውቤ» የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለሚጫወት አንድ የፓሪስ ባንድ መጠሪያ ሆኗል። ሽለላው በሁለት መልክ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ የሙዚቃ ተማሪዎች የ1960ዎቹን አልበምና የመድረክ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አድርገው ሊያነጻጽሯቸው ይችላሉ።