የሐኪሙ የአውጉስት ቢር የሕይወት ታሪክ

ከክፍላችን ተማሪዎች የአንዱ እናት በኦፕራሲዮን ወለዱ። ወገባቸውን በመርፌ ተወግተው ከወገብ በታች ደንዝዘው ስለ ነበር የልጃቸውን የመጀመሪያ ልቅሶ በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። ሌሊቱን ግን ፊታቸውንና አፍንጫቸውን ሲያኩ አደሩ፤ ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶችም መርፌው መርዝ ነው አሉ። ሚሲዮናውያን በ1928 ሶዶ ከደረሱ ጀምሮ ዘመናዊ ሕክምና ለወላይታ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ የወገብ መርፌ ግን ዛሬም ይፈራል። እኛም ነገሩን ስንመረምር መርፌውን ለዓለም ያስተማሩትን ሰው ታሪክ ስላገኘን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አውጉስት ቢር በ1861 በጀርመን አገር ሄልሰን በምትባል መንደር ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በኪል ከተማ የዝነኛው ቀዳጅ ሐኪም የኤስማርክ ረዳት ሆኑ። በዚያ ዘመን በሽተኛ የሚቀደደው በክሎሮፎርም ወይም በኤተር ተኝቶ ነበር፤ ብዙዎች ሲነቁ ያስመልሳቸዋል፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይነቁም ነበር።

ኦገስት 16 ቀን 1898 ቢር ቁርጭምጭሚቱ በሳንባ ነቀርሳ የተበላሸ የ34 ዓመት የቀን ሠራተኛ ወገብ ውስጥ ጥቂት ኮኬይን ጨመሩ። ሰውየው ነቅቶ ሳለ እግሩ ያለ ሕመም ተቀደደ። በኋላ ግን አስመለሰው፣ ራሱንም ክፉኛ አመመው። እንዲህ ያለው ሕመም በሌሎቹም በሽተኞች ላይ ስለ ታየ፣ ቢር ምክንያቱን በገዛ ሰውነታቸው ለማወቅ ቈረጡ።

ኦገስት 24 ቀን ረዳታቸው ሂልደብራንት ወገባቸውን ወጋ። ነገር ግን ስሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም አለ፤ መድኃኒቱ ፈሰሰ፣ ከአከርካሪያቸውም ብዙ ውሃ ወጣ። (እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ትልቅ ሥራ ሲሰናከል ማየት ያስገርማል።) ያን ጊዜ ሂልደብራንት ራሱ ተተካና ቢር ወጉት። እግሩ በደነዘዘ ጊዜ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መቱት፣ በሚነድ ሲጋርም አቃጠሉት፤ እርሱ ግን ሕመም አልተሰማውም። ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ስሜቱ ተመለሰ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው እራት በሉ፣ ወይን ጠጡ።

ሌሊቱን ሂልደብራንት ሲያስመልሰው አደረ፤ የተመታው ቅልጥሙም በለዘ። ቢር ደግሞ ከማግስቱ ጀምሮ በተነሡ ቁጥር ራሳቸው ይዞር ነበር፣ ሲጋደሙ ይሻላቸዋል፤ ዘጠኝ ቀን ተኙ። ከዚህም የራስ ምታቱ የሚመጣው ከአከርካሪ በሚፈሰው ውሃ መሆኑን ገመቱ፤ ግምታቸውም ትክክል ሆኖ ስለ ተገኘ ዛሬ እጅግ ቀጭን መርፌ ይመረጣል። ሰውየውን ያከበርንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ግኝታቸውን በ1899 ሲያሳትሙ ጉዳቱን አልሸሸጉም።

በ1907 በበርሊን ፕሮፌሰር ሆኑ። በስተርጅና ዛውኤን በሚባል ርስታቸው በአሸዋማው መሬት ላይ ልዩ ልዩ ዛፍ እየተከሉ ደን አለሙ። በ1949 በ87 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ።

የጓደኛችንን እናት ያሳከካቸው ግን ቢር የተጠቀሙበት ኮኬይን አይደለም፤ እንደ ሞርፊን ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው። በ1979 በአሜሪካ ሐኪሞች ከአከርካሪ ውስጥ የተጨመረ ጥቂት ሞርፊን የካንሰር ሕሙማንን ሥቃይ ለብዙ ሰዓት እንደሚያስታግሥ አስረዱ። መድኃኒቱ ግን ያሳክካል፣ ያስመልሳል፣ ሽንት ይከለክላል፤ ከሁሉ የከፋውም ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽን ሊያዘገይ መቻሉ ነው። ማሳከኩ በመድኃኒቱ መጠን ስለሚብስ፣ በኦፕራሲዮን ለምትወልድ እናት የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ያህል ሞርፊን ይበቃል ይባላል። ነርሷ ሌሊቱን ትንፋሽ የምትቈጥረውም ስለዚህ ነው፤ ትንፋሽ ከደከመ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን እናት በነገርናቸው ጊዜ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዘጠኝ ቀን መተኛታቸውን ሰምተው ሳቁ። እርሳቸውን ማሳከኩ የለቀቃቸው በማግስቱ ነበር።