ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ስሙን በጦርነት ያጣው ልጅ

የመቅደላን ጦርነት ታሪክ ስንማር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የአፄ ቴዎድሮስን አሟሟትና የተዘረፉትን ቅርሶች ነው። ከተራራው የተወሰዱት ግን ብራናና ዘውድ ብቻ አልነበሩም፤ ልጆችም ተወስደዋል። አንዱ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ሌላው ወርቅነህ እሸቴ የሚባል የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናስታውሰው ይህን ሁለተኛውን ልጅ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። በአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን ቤተሰቡ መቅደላ አምባ ላይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በግርግሩ መካከል ሕፃኑ ከወገኖቹ ተለየ። ቻምበርሌይን የሚባል የጦር መኮንን አግኝቶ ወሰደው፤ ጦሩ ወደ ሕንድ ሲመለስም ይዞት ሄደ።

ቻምበርሌይን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከእሱ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የልጁን የትምህርት ወጪ ሸፈነ። ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተባለ፤ ሁለቱም ስሞች የተገኙት ካሳደጉት ሰዎች ነው። በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም ላሆር ከተማ ሕክምና አጥንቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን ካዳበረ በኋላ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ አማርኛ ግን አይችልም፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስምም አያውቅም።

ይህን ያነበበ ሰው፣ ታዲያ ጦርነቱ ለዚህ ልጅ ጠቀመው እንጂ ምን ጎዳው ሊል ይችላል። ጠግቦ አድጓል፤ ተምሮም ሐኪም ሆኗል። ነገር ግን ደግ ሰው አሳደገው ማለት መብቱ ተጠበቀለት ማለት አይደለም። ወገኖቹን የፈለገለት አልነበረም። ልዑል ዓለማየሁም በንግሥት ቪክቶሪያ ጥበቃ ሥር ሆኖ ሳለ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ እንግሊዝ አገር ሞቷል።

የወርቅነህን መንገድ የለወጠው ሌላ ጦርነት ነው። በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ድል ማድረጓ በዓለም ሲሰማ ወጣቱ ሐኪም አገሩን ለማየት ቆረጡ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከአፄ ምኒልክም ጋር ተገናኙ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ የሚለው ወሬ ሲዳረስ አንዲት አሮጊት መጡ። ሴት አያታቸው ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በሰውነታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። ሐኪሙ ወርቅነህ እሸቴ መባላቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ስም በአያት ማስታወስ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆዩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1911 ዓ.ም. ግድም ግን የበርማውን ሥራ ትተው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። አማርኛን የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው፤ ሆኖም ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተዋል። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈትም አስተዳዳሪው ሆኑ።

በዚያ ዘመን አገሩን ከሚያከራክሩት ጉዳዮች ዋነኛው ባርነት ነበር። በዘመቻና በአፈና የተያዙ ሰዎች ይሸጡ ይለወጡ ነበር። ልጅ ከእናቱ ይነጠላል፤ ገዢው በፈለገው ስም ይጠራዋል። የብዙ መኳንንትና ባለጸጎች ቤት የቆመው በባሪያ ጉልበት ስለነበረ ለውጡን የሚቃወመው ብዙ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ።

ሐኪም ወርቅነህ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው ነበር። ነፃ የወጣ ልጅ የሚጠጋበት ቤትና የሚተዳደርበት ሙያ ከሌለው ተመልሶ የጌታውን ደጅ መጥናቱ አይቀርም። ስለዚህ ነፃ ለወጡ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ፤ በኃላፊነትም መሩት። በልጅነታቸው ከወገን ተነጥለው በሌላ ሰው ስም ያደጉ ሰው ስለነበሩ የእነዚያ ልጆች ነገር ለእሳቸው ሩቅ አልነበረም።

በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው ሠሩ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ደግሞ ለንደን ላይ የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ። ወራሪው መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር ፊት ካቀረባቸው ሰበቦች አንዱ ኢትዮጵያ ባርነትን አላጠፋችም የሚል ነበር። ባርነት መኖሩ እውነት ነው፤ በመርዝ ጋዝና በቦምብ የመጣ ጦር ግን ነፃ አውጪ አይባልም። ባርነትን ለማጥፋት የደከሙት ሐኪም፣ የዚሁ የባርነት ነገር የወረራ ምክንያት ተደርጎ ሲቀርብ የአገራቸውን ነፃነት በእንግሊዞች ፊት ይሟገቱ ነበር።

ጦርነቱ ከቤታቸውም ገባ። እንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ሲገደሉ ሁለቱም ተገደሉ። መቅደላ ላይ ከወላጆቻቸው የተለዩት ሰው፣ በእርጅናቸው ደግሞ የልጆቻቸውን ሞት በባዕድ አገር ሆነው ሰሙ።

አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ሐኪም ወርቅነህ ተመለሱ። ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው አዋጅ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ሲወጣ ለማየትም በቁ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አረፉ።

በዚህ ትምህርት ቤት ከምንማረው መካከል ቤተሰቡ በጦርነት ምክንያት አገሩን የለቀቀ አለ። አማርኛን ከቤት ይልቅ ከክፍል የሚማር ልጅም አለ። ሐኪም ወርቅነህ ቋንቋቸውን ዘግይተው ቢማሩም መጽሐፍ ለማዘጋጀት በቅተዋል። ስማቸውን የመለሱላቸው ግን አያታቸው ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የልጁን ጠባሳ አልረሱም። እንግዲህ በዚህ ክረምት አያቶቻችሁን ስታገኙ፣ ወይም በስልክ ስታነጋግሩ፣ ስማችሁን ማን እንዳወጣላችሁና ለምን እንደተመረጠ ጠይቋቸው። የነገሯችሁንም ጻፉት።