የተማሪዎች መሪ የነበሩት ክዋሜ ንክሩማህ

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምንጠባበቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁላችንም ከቤተ ዘመድ የምንሰማው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም ከማኅበርና ከስብሰባ ርቀን ትምህርታችንን ብቻ እንድንከታተል ነው። እኔም ምክሩን በደስታ ተቀብዬው ነበር። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት የክፍል አለቃ ሆኜ ሳለሁ ጓደኞቼ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በድምፅ ብልጫ ስለ ሻሩኝ፣ ሁለተኛ በሰው ጉዳይ አልገባም ብዬ አኵርፌ፣ በእኔ ቦታ የተመረጠውንም ልጅ ሰላምታ ነሥቼው ነበር። ነገር ግን የክዋሜ ንክሩማህን የሕይወት ታሪክ ካነበብሁ በኋላ አሳቤ ስለ ተለወጠ፣ ታሪካቸውን በአጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ንክሩማህ በ1909 ዓ.ም. ዛሬ ጋና በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ግን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆና ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው አገር፣ ንክሮፉል በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ። ለመምህርነት ሲማሩ እጅግ ያከብሯቸው የነበሩት ዶክተር አግሬ በ1927 ስለ ሞቱ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በአግሬ ስም የክርክር ማኅበር አቋቋሙ። በሰው ፊት ቆሞ መናገርንና የተቃዋሚን አሳብ መስማትን የተለማመዱት በዚህ ማኅበር ነው። በ1930 ከአቺሞታ ተመርቀው ጥቂት ዓመታት አስተማሩ።

በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲጓዙ በሎንዶን አለፉ። በዚያም ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር የጋዜጣ ማስታወቂያ በመንገድ ላይ ባዩ ጊዜ፣ ጦርነቱ በገዛ ራሳቸው ላይ የታወጀ ያህል ልባቸው ተቃጠለ።

በፔንሲልቬንያ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በቂ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በመጻሕፍት ቤት እየሠሩ፣ በምግብ አዳራሽም ጓደኞቻቸውን እያስተናገዱ ተማሩ። በዕረፍት ወራት በኒው ዮርክ ከተማ በሐርለም ሠፈር ዓሣ ሸጡ፤ በሳሙና ፋብሪካ ሠሩ፤ በመርከብም ላይ ሳሕን አጠቡ። እንዲህ እየተቸገሩ በ1939 በኢኮኖሚክስና በሶሲዮሎጂ፣ በ1942 ደግሞ በነገረ መለኮት ተመረቁ፤ ከዚያም በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አጠኑ።

ችግራቸው ሰበብ ሆኖ ከማኅበር አላራቃቸውም። በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ እያንዳንዱ አገር ለየራሱ እንዲታገል ሲፈልጉ፣ እርሳቸው ግን አፍሪካ በአንድነት መነሣት አለባት ብለው ይከራከሩ ነበር። በ1945 ወደ ሎንዶን ተሻግረው በምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረት አገለገሉ፤ በዚያው ዓመት በማንቼስተር የተደረገውን የአፍሪካውያን ጉባኤ ካሰናዱት ሰዎችም አንዱ ነበሩ። በመጨረሻም መጋቢት 6 ቀን 1957 አገራቸው ነፃ ስትወጣ መሪዋ ሆኑ። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ያንኑ የተማሪነት አሳባቸውን ይዘው መጡ። ሐውልታቸውም ዛሬ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሞ ይታያል።

ሆኖም የታላቅ ሰው ስሕተትም ትምህርት ነውና መደበቅ አይገባም። በወጣትነታቸው ክርክርን የወደዱት ንክሩማህ በሥልጣን ላይ ሳሉ ተቃዋሚን መታገሥ አቃታቸው። በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስር ሕግ ወጣ፤ በ1964 ከእርሳቸው ፓርቲ በቀር ሌላ እንዳይኖር ተደረገ። በየካቲት 1966 ለጉብኝት ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንደ ሄዱ ወታደሮችና ፖሊሶች ከሥልጣን አወረዷቸው። ከዚያ በኋላ አገራቸውን ሳያዩ በጊኒ በስደት ኖረው፣ በ1972 በሩማንያ ሞቱ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የገዛ ራሴ ኵርፊያ ታሰበኝና አፈርሁ። አንዲት የክፍል አለቅነት ስትወሰድብኝ የተመረጠውን ልጅ ካልታገሥሁ፣ ታላቅ ነገር ቢሰጠኝ ምን ላደርግ ኖሯል? ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ልጁ ሄጄ ጨበጥሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ስቆ የክርክር ክበባችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እንድሆን ለመነኝ፤ እኔም እሺ አልሁት።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ መጽሐፋችንን ሳንጥል ማኅበርም እንግባ። ሲመርጡን እናገልግል፤ ሲያወርዱንም ተተኪያችንን ጨብጠን በሰላም እንውረድ።