አልፍሬድ ኢልግ፤ የአንኮበሩ መሐንዲስ

የአልፍሬድ ኢልግ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ባቡሩን ብቻ ነው። እኛ ግን የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ማለት ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ደረጃ እንድናስብ ስላደረገን ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኢልግ በ1854 በስዊስ አገር በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምረው፣ ንጉሠ ሸዋ ምኒልክ የእጅ ሙያ የሚያውቅ አውሮፓዊ ይፈልጉ ነበርና፣ በ1879 አንኮበር ገቡ። ከባሕሩ ወደብ እስከ አንኮበር መንገዱ በረሃና አቀበት፣ ማጓጓዣውም ግመልና በቅሎ ነበር። አንድ ብሎን ቢጎድል የሚገዛበት ሱቅ የለም። ስለዚህ ኢልግ የጎደለውን ራሳቸው አስቀጥቅጠው፣ ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው ፈትነው ይሠሩ ነበር። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወጡ። በ1894 የምድር ባቡሩን ውል ተቀበሉ፤ ከ1897 እስከ 1907ም የመንግሥት አማካሪ ነበሩ።

በዚያው ዘመን ሽቦ ወደ አገራችን ገባ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ በ1898 ገደማም ለቤተ መንግሥቱ መብራት የሚሆን ጄኔራተር መጣ። የስልክ ሽቦ ራቁቱን በእንጨት ላይ ቢዘረጋ ይበቃዋል። የመብራት ሽቦ ግን ቤት ሲገባ ወይም መሬት ሲቀበር ልባስ ያስፈልገዋል፤ ልባሱ ከሳሳ ሰው ይገድላል፣ ቤት ያቃጥላል። የዚያን ጊዜ ፋብሪካዎች አንዱ በጎማ፣ አንዱ ዘይት በጠጣ ወረቀትና በእርሳስ፣ እያንዳንዱ በገዛ ልኩ ይለብጥ ነበር።

ኢልግ ሥራቸውን ሊለቁ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በ1906፣ የልዩ ልዩ አገር መሐንዲሶች ለንደን ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሎርድ ኬልቪን ነበሩ። ዛሬ ሽቦ 1.5፣ 2.5፣ 4፣ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር እየተባለ በብዙ አገር የሚሸጠው፣ በፒቪሲ የተለበጠውም በሥራ ላይ ሳለ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይግል የተወሰነው፣ የ1,000 ቮልቱ ኬብል ከፋብሪካ ሳይወጣ በ3,500 ቮልት ለ5 ደቂቃ የሚፈተነው፣ ከዚህ ኮሚሽን በወጣ ስምምነት ነው።

ኢልግ በ1916 ዙሪክ ላይ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የሐዲዱ ስፋት ከጅቡቲ ጀምሮ አንድ ሜትር ስለ ነበረ ሌሎች መሐንዲሶች ያለ እሳቸው ፈጸሙት። በአንኮበር ግን መለኪያው ኢልግ ራሳቸው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ መለኪያ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

እኛ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ጎበዝ መሐንዲስ ብቻውን ለአገር እንደማይበቃ ነው። በደብረ ብርሃን ገበያ ሽቦ የሚገዛ ሰው የልባሱን ውፍረት ሊለካ አይችልም፤ የሚያምነው በላዩ የታተመውን ጽሑፍ ነው። ያን ጽሑፍ እውነት የሚያደርገው ፈትኖ የሚፈርመው ሰው ነው። ነገ የሚፈርሙት ከመካከላችን ናቸውና፣ ሳንፈትን አንፈርም እንላለን።