አለቃ ገብረ ሐና በእኛ ክፍል ቢሆኑ ኖሮ

የዚህ መጽሔት የመጨረሻዎቹ ገጾች በየዓመቱ ለተመራቂዎች የሚተዉ መሆናቸውን ውድ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ግርጌ ሁለት ወይም ሦስት መስመር የሚያስቅ ጽሑፍ ይሰፍራል። የዘንድሮው ዕጣ ለእኛ ስለ ደረሰን በታላቅ ደስታ ጀመርን። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የሚችለውን ወዳጃችንን ጻፍን፤ የተዋሰችውን እስክሪብቶ እስከ ዛሬ መልሳ የማታውቀውን እኅታችንን ጻፍን፤ ግብ ሳያገባ ሦስት ዓመት ሙሉ የግብ ደስታ ሲጨፍር የኖረውን የእግር ኳስ አምበላችንንም አልማርነውም። ሁሉም አንብበው ሳቁ፤ አምበላችንማ ሁለት ቅጂ ጠየቀ።

አንደኛው ግን አልሳቀም። ይህ ልጅ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ካለው የቡና ጫካ በየማለዳው በእግሩ የሚመጣ ነው። እኛም ክረምት ከበጋ ስለማይለየው ኮንጎ ጫማው ጥቂት ቀለድን። አንብቦ ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ፎቶግራፉን ከፖስታው ውስጥ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ሄደ። ይህን የሰሙት መምህራችን አልተቆጡንም፤ ሌላ መስመር ከመጻፋችን በፊት ግን ሀገር ሲያስቁ የኖሩትን የአለቃ ገብረ ሐናን ሕይወት ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። በዚህ ምክንያት የሚከተለው ጽሑፍ ግማሹ ቅጣት፣ ግማሹም ሥራ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አለቃ ገብረ ሐና በበጌምድር፣ በጣና ሐይቅ አጠገብ፣ በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። ዘመኑም 1814 ዓ. ም. እንደ ነበረ ይነገራል። የዚያ ዘመን ልጅ መማር ሲፈልግ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ወላጆቹን ተሰናብቶ ይሄዳል። የሚማረው ቀን ነው፤ የሚበላው ደግሞ በየደጁ ዞሮ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ተሟግቶ ያገኘውን ቁራሽ ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ስንቆጥር ቁርስ ዘገየ ብለን ያጉረመረምን ሰዎች ስለ ሆንን፣ ይህን የቆሎ ተማሪ ኑሮ ከአንድ የከተማችን አዛውንት መሪጌታ ስንሰማ አንገታችንን ደፋን።

የቅኔ ትምህርት ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ሦስት ቤቱ ወደ ዘአምላኪየ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ይረዝማል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ቃሉን ሲሰነጥቅና ሲገጥም ውሎ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። አንዱ ቃል ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጥ ውስጡን ሌላ መናገር አለበት። ሰምና ወርቅ የሚባለው ይህ ነው። ወርቁ ያልተገኘለት ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ቅኔው ይበላሽበታል። እንግዲህ ገብረ ሐና ለዓመታት በየማታው እንዲህ ያለ ፈተና የተፈተኑ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሲሰጡም ሆነ እራት ሲበሉ ቃል መሰንጠቅ ልማድ ቢሆንባቸው ምን ይደንቃል?

ከቅኔው ሌላ ዜማውንና አቋቋሙን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ፍርድ ይሰጥበት የነበረውን ፍትሐ ነገሥትንም ተምረው ጎንደር ላይ መምህር ሆኑ፤ የአለቅነት ማዕርግም አገኙ። ይህን አጥብቀን የምንጽፈው ብዙ ሰው አለቃን እንደ ተራ አስቂኝ ሰው ብቻ ስለሚያውቃቸው ነው። በእኛ ክፍል ቢሆኑ ኖሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚረብሹ ሳይሆኑ፣ አንደኛ እየወጡ የሚረብሹ ነበሩ። መምህራን ከሁሉ የሚቸገሩት በእንዲህ ያለው ተማሪ መሆኑን እነርሱው ይመስክሩ።

ስለ ቀልዳቸው ከሚነገረው ሁለቱን ብቻ እናምጣ። በአንድ ማለዳ አለቃ አህያ የሚነዱ ሴቶች በመንገድ አገኙ ይባላል። ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ዝቅ ብለውም በብዙ ቁጥር እንደምን እንዳደሩ ጠየቁ። ሴቶቹ በአክብሮቱ ደስ ብሏቸው መለሱ፤ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን የሰላምታው ብዙ ቁጥር አህዮቹንም የሚጨምር መሆኑ ገባቸው። ያን ጊዜ አለቃ ርቀው ነበር።

ሁለተኛው የመሶቡ ነው። አንዲት ባለቤት አለቃን እራት ጋብዛ መሶቡን ስትከፍት አይጥ ዘልላ ወጣች። አለቃ እንዳላዩ ሆነው በሉ። ሲጨርሱም እንደ ደንቡ መረቁ፤ ከመሶቧ እንዳይጎድል ሲመርቁም አይጥፋ በምትለው ቃል ላይ ትንሽ አረፍ አሉባት። ቃሏ ስትሰነጠቅ ከፊቷ አይጥ ትወጣለችና ምርቃቱ እህሉንም አይጧንም የሚያጠቃልል ሆነ። ይህን ቀልድ በክፍላችን ስንነግር የገጠመንን መጥቀስ ይገባል። ግማሾቻችን ወዲያው ሳቅን፤ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመዱት ጓደኞቻችን ግን ዝም አሉ። በኦሮምኛ አይጥ ሀንቱታ ናትና ቃሉ ሲተረጎም አይጧ ታመልጣለች። አስረድተን እስክንጨርስ የተፈላው ቡና ቀዘቀዘ፤ በማብራራታችን ላይ ግን ከቀልዱ ይልቅ የበለጠ ተሳቀ።

በእርሳቸው ስም የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ነው ብለን አናምንም። ሰው ባለቤት የሌለው ቀልድ ሲያገኝ ከአለቃ ጫንቃ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያም ውስጥ ባላገርን የሚንቅ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማዘንጊያን የሚያዋርድ፣ በወላጆች ፊት የማይነበብም አለበት። እነዚህን ትተናቸዋል፤ የተውናቸውም መምህራችንን ፈርተን ብቻ አይደለም።

አለቃ የሚያሾፉት በአህያ ነጂና በባለ መሶብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኑሯቸው ሰላም በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ላይም ይናገሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ነገሡ፤ በእርሳቸው ዘመን አለቃ ከንጉሡ ጋር እንዳልተስማሙና ከጎንደር ወጥተው በስደት እንደ ቆዩ ይተረካል። በኋላም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሸዋ መጥተው ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር ኖሩ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የነበራቸው መወዳደስና መቀያየም ራሱን የቻለ የተረት መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ቀን ከማዕድ ያስቀርባቸው የነበረው ምላስ በማግሥቱ ከደጅ ያስቀራቸዋል። አንድ ጊዜ ከተናገሩት በኋላ ግን ቃሉን መልሰው ኪሳቸው መክተት አይችሉም፤ ይህ ችግር በቅርቡ እኛንም ስላገኘን በሚገባ እንረዳላቸዋለን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የዝማሜው ነገር ነው። ካህናት በበዓል ቀን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ በዝግታ ወዲያና ወዲህ እያሉ ሲያሸበሽቡ ያልተመለከተ የለም። ይህ ሥርዓት አቋቋም ይባላል፤ ለመማርም ብዙ ዓመት ይፈጃል። አለቃ በጣና ዳር ሳሉ ማዕበሉ ሲመጣና ሲመለስ፣ በዳርቻው ያለውም ደንገል በነፋስ ወዲህና ወዲያ ሲያዘነብል አስተውለው፣ ከዚያ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። ወደ ጎንደር ሊቃውንት ባቀረቡት ጊዜ ግን የነበረውን ሥርዓት የሚያፈርስ ነው ተብሎ አልተቀበሏቸውም። እድሜያቸውን ሙሉ ሲቀልዱ የኖሩ ሰው ቁም ነገር ይዘው ሲመጡ ማን ያምናቸዋል? ይህን ስንጽፍ ክፍላችን ውስጥ ታምሜአለሁ እያለ ብዙ ጊዜ ያሳቀን አንድ ጓደኛችን ትዝ አለን፤ በእውነት ወባ የያዘው ቀን ሁላችንም አጨብጭበንለት ነበር።

አለቃ ግን ስልቱን አልጣሉትም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬ በብዙ አድባራት የሚዘመመው የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይህ ነው። የአባትየው ስም በቀልዱ ላይ፣ የልጅየው ስም በሥራው ላይ ቀረ። አለቃ በ1898 ዓ. ም. በእርጅና እንዳረፉ ይነገራል። ቀልዳቸው ግን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ ሀረና ደን ወርዶ፣ ይኸው አንገቱ ደርሷል።

ጽሑፉን ከመጨረሳችን በፊት መሪጌታውን አንድ ጥያቄ ጠይቀናቸው ነበር፤ በቆሎ ትምህርት ቤት ምረቃ እንዴት ነው ብለን። መምህሩ የጨረሰውን ተማሪ ይመርቁታል፣ እርሱም ይሄዳል፣ ሌላ ነገር የለውም አሉን። ለካ ተመራቂ ማለት የተመረቀ፣ ምርቃት የተቀበለ ሰው ማለት ነው! ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ስንጽፈው ከርመን አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልነውም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጫካው በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመን ያንን ጓደኛችንን ጠበቅነው። ዝናብ ዘንቦ ስለ ነበር እርሱ እስኪመጣ የእኛው ጫማ ጭቃ ጠጣ፤ የእርሱ ኮንጎ ግን በአንድ ጆንያ ጠርዝ ተጠርጎ ጸዳ። የጫማችንን ሁኔታ ከላይ እስከ ታች አየና፣ ዝቅ ብሎ፣ በብዙ ቁጥር እንደምን እንዳደርን ጠየቀን። እኛና ጫማችንን መሆኑ የገባን ክፍል ደርሰን ከተቀመጥን በኋላ ነው።

ፎቶግራፉን መልሶልናል፤ በተመራቂዎች ገጽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል። ከግርጌው ያለው ባዶ ስፍራ የማተሚያ ቤቱ ስሕተት አይደለም። ጽሑፉን ራሱ በእጁ በየቅጂው ላይ እንደሚጽፍ ቃል ስለ ገባልን የተውንለት ነው፤ ስለ እኛ ይሁን ስለ እርሱ ግን አልነገረንም።