አየር ሲጠፋ የሚይዝ ፍሬን፦ የጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ሕይወትና ሥራ

በአሜሪካ ለከባድ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ የሚቀርብ ተፈታኝ ሁሉ፣ በዚያ አገር በዚሁ ሙያ የሚተዳደሩትን ብዙ ኢትዮጵያውያን ጨምሮ፣ በየአየር ፍሬን ፈተና አንድ ተግባር እንዲፈጽም ይጠየቃል። ጎማዎቹን በታኮ ካስደገፈና የማቆሚያውን ፍሬን ከለቀቀ በኋላ፣ ሞተሩን አጥፍቶ የፍሬኑን ፔዳል ደጋግሞ በመርገጥ በታንኮቹ ውስጥ ያለውን አየር ሆን ብሎ ያወጣል። ግፊቱ በካሬ ኢንች ከ55 እስከ 60 ፓውንድ ወደሚሆነው መጠን ሲወርድ ማስጠንቀቂያው መጮኽ ወይም መብራት አለበት። አየሩ ከ20 እስከ 45 ፓውንድ ባለው መካከል ሲደርስ ደግሞ የማቆሚያው ፍሬን በራሱ መያዝ ይኖርበታል። ብዙ ተፈታኞች ቁጥሮቹን ይሸመድዳሉ። የዚህ ፈተና ፍሬ ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን፣ ኃይሉ ሲጠፋ መኪናው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህንም ጥያቄ በተሽከርካሪ ፍሬን ላይ አንሥተው በሥራ ከመለሱት ሰዎች ቀዳሚው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ነበር።

ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1846 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሴንትራል ብሪጅ በምትባል መንደር ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በስኬኔክተዲ ከተማ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ወርክሾፕ ስለ ነበረው፣ ልጁ ከብረትና ከማሽን መካከል አደገ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሰሜኑ ወገን በምድር ጦርና በባሕር ኃይል አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ ኮሌጅ ቢገባም፣ ብዙም ሳይቆይ ትቶ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ። የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት በ1865 ሲያገኝ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር።

በዚያ ዘመን ባቡርን የማቆም ሥራ እጅግ አስከፊ ነበር። ነጂው በፉጨት ምልክት ሲሰጥ፣ ፍሬን የሚያጠብቁ ሠራተኞች በዝናብና በበረዶ በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ እየተራመዱ የእያንዳንዱን ፉርጎ ፍሬን በእጃቸው ያዞሩ ነበር። እየወደቁና እየተጨፈለቁ የሞቱት ጥቂቶች አልነበሩም። በ1866 ዌስቲንግሃውስ በስኬኔክተዲና በትሮይ ከተሞች መካከል ሁለት የጭነት ባቡሮች መጋጨታቸውን ተመለከተ። ነጂዎቹ አስቀድመው ተያይተው ነበር፤ ባቡሮቹን ለማቆም የሚበቃ ጊዜ ግን አላገኙም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉንም ፉርጎ ፍሬን ከነጂው እጅ ለማዘዝ የሚቻልበትን መንገድ ይፈልግ ጀመር። በእንፋሎት ለመጠቀም ቢያስብም፣ እንፋሎት በረጅም ቧንቧ ውስጥ ቀዝቅዞ ውኃ እንደሚሆን ተረዳ። በመጨረሻም በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል የሞን ስኒ ተራራ በታመቀ አየር በሚሠሩ መሣሪያዎች እየተቦረቦረ መሆኑን በአንድ መጽሔት አነበበና ሐሳቡ ተፈታ።

ሐሳቡን ካቀረበላቸው የባቡር ኩባንያዎች ብዙዎቹ ባቡር በአየር ይቆማል የሚለውን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ይሁን እንጂ በፒትስበርግ በተደረገው ሙከራ፣ በሐዲዱ ላይ ድንገት ከተገኘ ጋሪ ጋር ሊጋጭ የነበረው ባቡር በአዲሱ ፍሬን ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። በ1869 የፈጠራ መብቱን አግኝቶ የአየር ፍሬን ኩባንያውን አቋቋመ።

የመጀመሪያው ፍሬን ግን ከባድ ጉድለት ነበረው። ነጂው አየር ሲልክ ፍሬኑ ይይዛል፤ ቱቦው ቢቀደድ ወይም ባቡሩ ለሁለት ቢበጠስ ግን አየሩ ስለሚያመልጥ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። ዌስቲንግሃውስ ባገኘው ገበያ ረክቶ አልተቀመጠም፤ በ1872 አሠራሩን ገለበጠው። በእያንዳንዱ ፉርጎ ሥር የአየር ታንክና ልዩ ቫልቭ አኖረ፤ በዋናው ቧንቧ ያለው ግፊት እስካለ ድረስ ፍሬኑ ተለቅቆ ይቆያል፤ ግፊቱ ሲወርድ ግን የፉርጎው ታንክ አየሩን ወደ ፍሬኑ ይልካል። በመሆኑም የተበጠሰ ባቡር ሁለቱም ወገን በራሱ ይቆማል።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በ1889 በአየርላንድ አርማ ከተማ አጠገብ ታየ። ፍሬኑ በራሱ የማይዝ አንድ የመንገደኞች ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ ከፊሉን ለማውጣት ሲሉ ባቡሩን ለሁለት ለዩት። ወደ ኋላ የቀሩት ፉርጎዎች ቁልቁል ተንከባለው ከሚከተላቸው ባቡር ጋር ተጋጩ፤ ሰማንያ ያህል ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ምክር ቤት ለመንገደኞች ባቡር በራሱ የሚይዝ ፍሬን ግዴታ እንዲሆን ሕግ አወጣ። በአሜሪካም ዌስቲንግሃውስ በ1887 ፍሬኑን ለረጅም የጭነት ባቡር እንዲፈጥን አድርጎ ካሻሻለው በኋላ፣ በ1893 ተመሳሳይ ግዴታ በሕግ ተደነገገ።

ዌስቲንግሃውስ በ1871 ለሠራተኞቹ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ፈቀደ፤ በ1886 የኤሌክትሪክ ኩባንያ መሥርቶ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን አስፋፋ። በ1907 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ግን የኤሌክትሪኩ ኩባንያ አመራር ከእጁ ወጣ። መጋቢት 12 ቀን 1914 በኒውዮርክ ሞቶ፣ የጦርነት ዘማች ስለ ነበር በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ዐረፈ።

የዛሬው የጭነት መኪና ፍሬን ከእርሱ የባቡር ፍሬን በአሠራሩ ይለያል። በመደበኛው ጉዞ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩ ራሱ ፍሬኑን ይገፋል። የማቆሚያውንና የአደጋ ጊዜውን ፍሬን የሚያጠብቀው ግን ጠንካራ ሞላ ነው፤ አየሩ ሞላውን ጨቁኖ ይይዘዋል፤ አየሩ ሲጠፋ ሞላው ይለቀቅና ጎማውን ይይዛል። የተሳቢው የአየር መስመር ሲበጠስም የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል። መሠረተ ሐሳቡ የ1872ቱ ነው።

ሆኖም ሞላው የሚይዘው የፍሬኑ ልክ በትክክል ተስተካክሎ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ ድንገት ሲይዝም መኪናውን ከነጂው ቁጥጥር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጮኸ ጊዜ ነጂው ሞላውን መጠበቅ የለበትም፤ ገና አየር ሳለ ደኅና ቦታ ፈልጎ ወዲያውኑ ማቆም አለበት። ለፈተና የሚዘጋጅ ባልደረባ ይህን ከተረዳ፣ ቁጥሮቹን ከነምክንያታቸው ይዟቸዋል ማለት ነው።