ትልቁን ገደል አሸንፎ በቀጭን ገመድ የተሸነፈው ኤሚሊዮ ኮሚቺ

ትሪየስቴ የምትባለዋን የጣሊያን የወደብ ከተማ የካልቾ ወዳጆች አያጧትም። ኤሲ ሚላንን በ1963 እና በ1969 የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ ኔሬዎ ሮኮ የትሪየስቴ ልጅ ነው። የፓኦሎ አባት ቼዛሬ ማልዲኒም እዚያው ነው የተወለደው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያው ከተማ ወጥቶ በኳስ ሳይሆን ገደል በመውጣት ስሙ የገነነ ሰው ነው። ኤሚሊዮ ኮሚቺ ይባላል። ሌሎች ቀና ብለው አይተው የሚመለሱበትን ገደል ወጥቷል። ሕይወቱ ያለፈው ግን በአንድ መለማመጃ ገደል ላይ፣ በአንዲት ቀጭን ገመድ ምክንያት ነው።

ከዋሻ ወደ ገደል

ኮሚቺ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲወለድ ትሪየስቴ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሥር ነበረች። ወደ ጣሊያን የዞረችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በወጣትነቱ እንጀራው ወደብ ላይ ነበር። ከስራ ሲወጣ ደግሞ ዋሻ መግባት ይወድ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ምድር ዋሻ የሞላበት ነውና ሰውዬው በገመድ ወደ ታች መውረድን እዚያ ተማረ። ቆየት ብሎ ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። በ1929 ከከተማው አጠገብ ባለው የቫል ሮዛንድራ ሸለቆ በጣሊያን የመጀመሪያ የተባለውን የገደል መውጣት ትምህርት ቤት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ የወደቡን ስራ ትቶ ጠቅልሎ ዶሎማይት ተራሮች ገባ፤ ሙያውም ተራራ መምራት ሆነ።

ታላቁ ግጥሚያ

በዶሎማይት ጎን ለጎን ከቆሙት ሦስት አለቶች ትልቁ ቺማ ግራንዴ ይባላል። ሰሜናዊ ፊቱ 500 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ነው። ቀጥ ያለ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የታችኛው ክፍል ወደ ውጪ ያጋደለ ነው፤ የሚወጣውን ሰው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኮሚቺ በነሐሴ 1933 ከሁለቱ ወንድማማቾች ከጁዜፔና ከአንጄሎ ዲማይ ጋር ሆኖ ገጠመው። አንድ ሌሊት ግድግዳው ላይ አድረው በሁለተኛው ቀን ጫፍ ደረሱ።

ጭብጨባው ቢበዛም ወቀሳም አልቀረም። ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ የተመቱት የብረት ችንካሮች በጣም ብዙ ናቸው፣ ይሄ አናጺነት እንጂ ስፖርት አይደለም ያሉ ነበሩ። ኮሚቺ መልሱን በሜዳ ሰጠ። በ1937 ያንኑ ግድግዳ ብቻውን፣ አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወጣው! ዘመኑ የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን የወረረበት ዘመን ነበር። አገዛዙ በኳስም በተራራም የሚገኘውን ድል ለራሱ ማድመቂያ ያደርገው እንደነበር መርሳት የለብንም። ኮሚቺም በዚያ ሥርዓት ውስጥ የኖረና የከበረ ሰው ነው።

ብረት ያረጃል፣ ድንጋይም ይለቃል

ከሜዳ ውጪ ላለን ሰዎች ገደል ላይ የሚገድለው የጉልበት ማጣት ይመስለናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ችንካር የሚይዘው የያዘው ድንጋይ እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው። ቀን ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ሲነጋ ይቀልጣል። ይሄ በየዓመቱ ሲደጋገም ስንጥቁ ይሰፋል፣ ችንካሩ ይላላል። አምና በመዶሻ ተመትቶ የገባው ዘንድሮ በጣት ሊወዛወዝ ይችላል። ብረቱ የሚዝገው ደግሞ ዓይን በማያየው፣ ስንጥቅ ውስጥ በተቀበረው በኩል ነው።

ናዳውንም የሚለቀው ያው በረዶ ነው። ጠዋት ፀሐይ አለቱን ስታሞቀው ሌሊቱን በበረዶ ተጣብቆ ያደረው ድንጋይ ይወርዳል። ከላይ ያለ ሰው እግር ወይም ገመድ የነካው ጠጠርም ከታች ላለው ጥይት ነው። በዚያ ላይ በኮሚቺ ዘመን ገመድ የሚሰራው ከቃጫ ነበር። ቃጫ ይርሳል፣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ የድንጋይ ጠርዝ ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ነው።

የጥቅምቱ ቅዳሜ

ኮሚቺ በመጨረሻ ዓመታቱ ኑሮውን ያደረገው ሴልቫ በምትባል የዶሎማይት መንደር ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 1940 ቅዳሜ ከወዳጆቹ ጋር በመንደሩ አጠገብ ወዳለው ቫሉንጋ ሸለቆ ሄደ። ለክብረ ወሰን ወይም ለጋዜጣ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ለመዝናናት ነው። ኮሚቺ ክብደቱን በአንዲት አሮጌ ቀጭን ገመድ ላይ ጣለ። ገመዷ ተበጠሰች። የቺማ ግራንዴው ጀግና ወደቀ፣ በዚያው ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር።

የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በሰላም ተጫውቶ በልምምድ ሜዳ ጅማቱ የሚበጠስ ኮከብ አላየንም? ታላቁ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱን ችንካር ሳይፈትሽ የማይረግጥ ሰው፣ ሰፈሩ ያለው አለት ላይ ያገኘውን ያምናል። ውሃም ቢሆን የሚወስደው ዋና የሚችለውን ነው ይባላል።

ከጦርነቱ በኋላ ናይለን ገመድ መጣ፣ ችንካሩም በብዙ ቦታ አለት ተቦርቡሮ በሚተከል ጠንካራ ብሎን ተተካ። አደጋው ግን ቅርጹን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ናይለንን ፀሐይ ያደክመዋል፣ ብሎንም ይዝጋል። አለቱ ራሱም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2004 እዚያው ዶሎማይት ውስጥ ገደል ወጪዎች በሚያዘወትሩት ቺንኩዌ ቶሪ ትሬፎር የተባለው ግንብ መሳይ አለት እንዳለ ተደርምሷል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ገደል ወጪዎች ሌላ ሰው ትቶት የሄደውን ገመድ ሲያገኙ መጀመሪያ ይጠረጥሩታል፤ ካላመኑት ቆርጠው የራሳቸውን ያስራሉ። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ኮሚቺን የጎደለችው ያቺው ጥቂት ደቂቃ ነበረች።